ሰው የሚሸከም ዕቃ

ባለፈው ሰሞን የበር ማጠፊያ ልገዛ አንድ ጠባብ የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዞ የዛገ ጓጉንቸር ይወለውል ነበር። ጋዝና ዝገት አንድ ላይ ሲሸተኝ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋብኝ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ መሰለኝ። እኔ ግን ካርቱም ነበርኩ፤ ካላክላ፣ የሃፍላው ማቆሚያ ጥግ፣ እትዬ ዘምዘም ምንጣፍ ላይ፣ ጣቶቼ እስከ አንጓቸው ጠቁረው።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አብዮቱ የተነሣበት ዓመት። ትምህርት ቤታችን በሰልፉ ምክንያት መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተዘጋ አሉን፤ ከዚያ ለሌላ ሳምንት፤ ከዚያ የሚነግረንም ጠፋ። እናቴ ሉባባ ካፉሪ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ካላክላና ካፉሪ የከተማዋ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሦስት ሃፍላ፣ ማለትም የከተማ አውቶቡስ፣ ትቀይራለች፣ ናፍጣ በጠፋ ቀን ደግሞ እኩሉን መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ስትገባ እራቷን እያኘከች እንቅልፍ ይጥላታል። አንገቷ ዘንበል ሲል ሳህኑን ከእጇ ቀስ አድርጌ እወስድ ነበር። አባቴን አላስታውሰውም፤ እኔ ሳልራመድ ወደ ሊቢያ ሄዶ በዚያው ቀረ።

ብቻዬን ቤት መዋል ስላልነበረብኝ እናቴ እትዬ ዘምዘም ጋ ታስቀምጠኝ ጀመር። እትዬ ዘምዘም ከእኛው ሆሽ፣ ከዚያው ግቢ፣ ከአጠገባችን ባለው ክፍል ትኖራለች። እንደ እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ካርቱም ውስጥ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታለች፣ አለባበሷም እንደ ሱዳን ሴቶች በቶብ ነው። ባሏ ግንበኛ ነበር። ሲሞት የሥራ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሸጠች። ያለቀባት ጊዜ ያገለገሉ መሣሪያዎች እየገዛች መሸጥ ቀጠለች። የኔ ሥራ ዝገት ማራገፍ ነበር። መዶሻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን በጋዝ እነክርና በሽቦ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ሽታው ከእጄ አይለቅም፤ እንጀራ ስቆርስም እሱው ነው የሚሸተኝ።

አማርኛዬ ያኔ ከእናቴ አፍ የለቀምኩት ብቻ ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር የማወራው በዓረብኛ ነው። አንድ ቀን እናቴ እትዬ ዘምዘምን፣ «ዘንድሮስ እጅ አጠረን» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ልብስ ስታሰጣ ክንዶቿን በዓይኔ እለካ ነበር። ገመዱ ጋ ለመድረስ ስትንጠራራ ሳያት እውነትም አጥሯል አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የኔም እንዳያጥር ብዬ ግን ጠዋት ጠዋት እጄን በሩ መቃን ላይ እየዘረጋሁ ምልክት አደርግ ነበር።

የእትዬ ዘምዘም ደንበኞች አብዛኞቹ የሀገሬ ልጆች ነበሩ። ለጊዜው ካርቱም ላይ ያረፉ፣ ልባቸው በሊቢያ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሸፈተ ወጣቶች። ጠዋት ጠዋት መንታ መንገዱ ላይ ቆመው የቀን ሥራ ይጠብቃሉ፤ አሠሪ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠራው የራሱ አካፋ ወይም የራሱ የልስን ካዞላ ያለው ነው። ስለዚህ ዕቃ መግዛት ለነሱ የምሳ ጉዳይ ነው። አዲሱና የሚያብረቀርቀው ርካሽ ዕቃ በየሱቁ ተደርድሯል፤ እነሱም ከመግዛታቸው በፊት እያመጡ፣ «እትዬ፣ ይሄ ያዋጣል?» ይሏታል። ከሷ ባይገዙም ታይላቸው ነበር።

መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ዕቃው አልነበረም። «ስንት ወር ትቆያለህ?» ትላለች። ኢንሻላህ በቅርቡ እሄዳለሁ ለሚላት፣ ስሱ አካፋ ይበቃሃል፣ እጀታውን ግን ራስህ ምረጥ ትለዋለች። የእንጨቱን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ታሳየዋለች፤ ክሩ አቋርጦ ከወጣ እዚያው ላይ ይሰበራል። ካዞላ ከሆነ ጫፉን ድንጋይ ላይ ተጭና ትለቀዋለች፤ ተመልሶ ካልቀና ቆርቆሮ ነው። ፒንሳውን ገጥማ ወደ ፀሐይ ታነሣዋለች፤ በጥርሱ መሃል ብርሃን ካለፈ ሽቦ አይዝም። መሰርሰሪያ ሲያመጡላት ሳታስነሣው በፊት ታሸተዋለች፤ የተቃጠለ ከሸተተ አንዴ ሞቶ የተነሣ ነው፣ ሁለተኛ አይነሣም። መዶሻ ደግሞ እጀታውን ይዛ ራሱን በድንጋይ ታንኳኳና ወደ ግራ ጆሮዋ አስጠግታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ «ይሄ ደህና ነው» ወይም «ይሄ ይጥልሃል» ትላለች። እኔ መዶሻው የሆነ ነገር ይነግራታል ብዬ አምን ነበር። እሷ ስትጨፍን እኔም እጨፍናለሁ፤ ምንም አልሰማም። ዕድሜዬ ስላልደረሰ ነው አልኩ።

አንድ ሕግ ነበራት፤ ለሁሉም እየደጋገመች የምትናገረው። ሰው የሚሸከም፣ እሳት ያለበት፣ ዓይን ፊት የሚሽከረከር ዕቃ በርካሽ አይገዛም። ሌላውን እንደ ኪስህ ታደርገዋለህ።

ያን በጋ ቀኑ ሁሉ ያደክማል። ዳቦ በሰልፍ ነው፣ ባንኩ ደጃፍ ሰልፍ ነው፣ ጎማ ተቃጥሎ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ምንጣፉን ጠቅልለን እንሮጣለን፣ ተመልሰን እንዘረጋለን። የሰፈሩ ሱዳናውያን ወጣቶችም ይመጡ ጀመር፤ ለሰልፍ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ፍለጋ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ፣ ቀሚሷን ቀለም የነካው፣ ለሲሚንቶ አቧራ የሚሆነውን መሸፈኛ አነሣች። እትዬ ዘምዘም ከእጇ ተቀበለቻት። ይሄ ለአቧራ ነው፣ ቡምባኑን፣ አስለቃሹን ጭስ፣ አያቆምም፣ ደፍረሽ ትገቢበትና ትታፈኛለሽ አለቻት በዓረብኛ። ልጅቷ ከሌላ ቦታ እንደምትገዛ ነግራት ሄደች። እትዬ ዘምዘም ያን ቀን ሌላ ምንም አልሸጠችም። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯን እየነከሰች መንገዱን ታያለች።

ሰይድን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጀሪፍ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይኖራል፣ ቀለም ቀቢ ነው። ሥራ በሌለው ቀን ምንጣፋችን ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። የአማርኛ ፊደል እንደማልችል ሲያውቅ ሚስማር አንሥቶ አቧራው ላይ ሀ ሁ ይጽፍልኝ ጀመር። ወንድም ቢኖረኝ እንደሱ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

እትዬ ዘምዘም በወባ ተያዘች። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ቦታችንን ሌላ እንዳይወስደው ምንጣፉን ዘርግቼ እንድቀመጥ ላከችኝ። አጠገባችን ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፣ ለሷ አደራ ሰጠችኝ። አትሽጪ፣ ማንም ዕቃ እዪልኝ ቢል ነገ ና በዪው አለችኝ።

ገና ጠዋት ነበር ሰይድ ሲመጣ። አዲስ የአሉሚኒየም መሰላል ተሸክሟል። ጀሪፍ ውስጥ የአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የውጭ ግድግዳ ቀለም አግኝቶ ነበር፤ ባለቤቱ ዛሬውኑ መሰላል ይዘህ ካልመጣህ ሌላ እይዛለሁ ብሎታል። መሰላሉን ከመኪና ላይ ከሚሸጥ ሰው ነው የያዘው፤ ካልፈለግከው እስከ ቀትር መልሰው ተብሏል።

«ነጃት፣ ዘምዘም የለችም?»

«ታማለች። ነገ ና ብላለች።»

መሰላሉን ምንጣፋችን ላይ ጋደም አደረገና ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው አንቺ እዪልኝ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ዓይኑ ግን አይስቅም።

እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ተነሣሁ። የመሰላሉን ቋሚ በመዶሻ መታሁት፣ ግራ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ትምህርት ቤታችን ደወል ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ቶሎ አልጠፋም። በመጨረሻ እኔም ሰማሁ አልኩ። ደስታው እስከ ራስ ቅሌ ነበር የደረሰው።

«ደህና ነው፤ ውሰደው» አልኩት።

ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ተሸክሞት ሄደ። ለእትዬ ዘምዘም አልነገርኳትም። ነገ ና በዪው ስላለችኝ ብቻ አይደለም። የራሴ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ሰይድ መሰላሉን በወሰደ በአራተኛው ቀን፣ እትዬ ዘምዘም ገና እየተንገዳገደች ወደ ቦታዋ በተመለሰች ዕለት፣ ከሰይድ ጋር ከሚኖሩት ልጆች አንዱ መጣ። ሰይድ ከሁለተኛው ፎቅ ትይዩ መሰላሉ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ጭኑ ተሰብሯል። እትዬ ዘምዘም የት የገዛውን መሰላል እንደሆነ ጠየቀችው። ልጁ አገጩን ወደ እኔ ቀሰረ። ያቺው ያንቺ ልጅ ናት አይታ ያጸደቀችለት አለ። በክፋት አልነበረም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። በእጄ የነበረው ፒንሳ ጋዙ ውስጥ ወደቀ። እትዬ ዘምዘም ተነሣች። ምንጣፉን መጠቅለል ጀመረች፣ እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝኩ።

ጀሪፍ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። መንገዱ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቶ ነበር፤ ሃፍላው በየቦታው ያወርደናል፣ እሷ ጥቂት ትሄድና ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። የጡብ ምድጃዎቹን ጭስ አልፈን ክፍሉ ስንገባ ሰይድ እስከ ወገቡ በጄሶ ተጠቅልሎ ወለል ላይ ተኝቷል። በዙሪያው ጓደኞቹ ሻንጣ ያስራሉ። በረሃውን ለማቋረጥ ተራቸው ደርሶ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ሊሄድ የቀረው የዚያ ግድግዳ ክፍያ ብቻ ነበር። አላየኝም። ወይም እንዳላየኝ ሆነ።

መሰላሉ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ቆሟል። እትዬ ዘምዘም ተንበርክካ መረገጫዎቹ ከቋሚው ጋር የተያያዙባቸውን ሪቬቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትነካካ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ጣቴን ወስዳ አስቀመጠችው። ሪቬቱ በጥፍር ይዞራል። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ» አለችው። «ማንኳኳቱን ብቻ አሳየኋት፤ ምን እንደምፈልግ አልነገርኳትም።»

እኔ እያለቀስኩ፣ እንዳንቺ አድምጬዋለሁ፣ በግራ ጆሮዬ አድምጬዋለሁ አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች። «እኔ በግራ ጆሮዬ አልሰማም፣ ነጃት። ከልጅነቴ ጀምሮ አልሰማም። የማዳምጠው በእጄ ነው። ራሱ የላላ መዶሻ መዳፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው በዚያ በኩል እንዳያዋራኝ ነው ወደ ጆሮዬ የማስጠጋው።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው የሻንጣ ዚፕ ዘጋ። እኔ ማልቀሴን አቆምኩ፤ እንባው ራሱ አፍሮ ሄደ።

ጓደኞቹ በዚያው ሳምንት ሄዱ። እትዬ ዘምዘም ሰይድን በኪራይ መኪና አስጭና ወደ ሆሻችን አመጣችው፤ የሷን አልጋ ሰጥታው እሷ ከእኛ ጋር ወለል ላይ ትተኛ ጀመር። እናቴ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም። ከሥራ መጥታ ቁጭ ከማለቷ በፊት ሄዳ ትራሱን ታስተካክልለት ነበር። ውሃውንና ምግቡን የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ይቀበለኛል፣ አያናግረኝም። ሲያሳክከው ጄሶው ውስጥ የሚያስገባው ረጅም ሽቦ ፈልጌ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቂም የሚባለውን ቃል ያን ጊዜ ነው የተማርኩት፤ እትዬ ዘምዘም ለእናቴ በሹክሹክታ ስትነግራት። ለብዙ ቀን የበሽታ ስም መስሎኝ መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ደክሟት ነበር፤ ጊዜ ነው መድኃኒቱ አለች።

በየቀኑ ጭፈራው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሕዝቡ በጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሰፍሮ፣ አሮጌው መንግሥት ወድቆ፣ ከተማው በሙሉ የሠርግ ቤት የመሰለበት ጊዜ ነበር። እናቴ የምትሠራበት ቤት ልጆች በድስት በድስት ምግብ እያስበሰሉ ወደዚያ ይወስዳሉ፤ የምታበስለው እሷ ናት፣ ስለዚህ አብዮቱ ሲደምቅ እሷ ይበልጥ ዘግይታ ትገባለች። እኔ አንድ ከሰዓት ሆሹ ውስጥ መጋዝ ስፈትግ ሰይድ ከአልጋው ላይ፣ «ጥርሱን ተከትለሽ፣ በአንድ በኩል ብቻ» አለኝ። ከወር በላይ ቆይቶ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። በአንድ በኩል ብቻ ፈተግሁት። በማግስቱ ሞረድ አቀብዪኝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የመጋዞቹ ጥርስ የሱ ሥራ ሆነ።

ከዚያ በጦሩ ደጃፍ የሰፈረው ሕዝብ በተኩስ ተበተነ። ድልድዮቹ ተዘጉ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ እናቴ ካፉሪ እንደሄደች ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ሰይድ ጄሶው ተፈትቶ በክራንች መቆም የጀመረ ሰሞን ነበር። እትዬ ዘምዘም አትውጡ እያለች፣ ጠዋት ጠዋት ከኔ ጋር እስከ ጥጉ ድረስ እያነከሰ ይመጣና መንገዱን እናያለን። ሰው አልነበረም፤ ድንጋይና ጥቁር አመድ ብቻ። ሊያጽናናኝ አልሞከረም። አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ያ ይበቃኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን እናቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። እግሯ አብጦ ነበር። ከኛ አልፋ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ የጠየቀችው ውሃ ብቻ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር ሰይድ ያለ ክራንች መራመድ ቻለ፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። መሰላል ላይ ከእንግዲህ አይወጣም። ከጓደኞቹ የአንዱ ድምፅ ብቻ ከሊቢያ መጣ፤ ስለሌሎቹ ስንጠይቅ ስልኩ ተቋረጠ። ሰይድ አንድ ማታ ወደ ሀገሬ እገባለሁ አለ። ማንም አልተከራከረውም።

ሚና በሪ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ የሸኘነው እኔና እትዬ ዘምዘም ነን፤ እናቴ ሥራ ነበረች። እትዬ ዘምዘም ውሃ ልትገዛለት ወደ ሱቆቹ ስትሄድ፣ እሱ ክብደቱን ደህናው እግሩ ላይ አድርጎ አጠገቤ ቆመ።

«ነጃት» አለኝ፤ «ያን ሪቬት አይቼው ነበር።»

አልገባኝም። ቀና ብዬ አየሁት።

«ስገዛው አይቼዋለሁ። በጣቴም ነካሁት። የያዝኩት ገንዘብ ለደህናው መሰላል አይበቃም፤ ያ ሥራ ካመለጠኝ ደግሞ መሄዴ ቀረ። ዘምዘም እንዳመማት ሰምቼ ነበር። እሷ ብትኖር አልመጣም፤ አትፈቅድልኝም። አንድ ሰው ደህና ነው እንዲለኝ ፈልጌ ነው።»

ይቅር በዪኝ አላለም። ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና እግሩን እየጎተተ ተሳፈረ። እጅ አላነሣሁለትም። ሸክም ወረደልኝ ማለት አልችልም። ስድስት ወር ሙሉ ውሃ ያቀረብኩለት፣ ፊቱን ሲያዞርብኝ የኔ ድርሻ ነው ብዬ የተቀበልኩለት ሰው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድኩበት። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ደግሞ ናፈቀኝ።

እትዬ ዘምዘም ውሃውን ይዛ ስትመጣ አውቶቡሱ ሄዷል። ምን አለሽ ብላ ጠየቀችኝ። በተሰባበረ አማርኛዬ፣ ቃል ሲያጥረኝ በዓረብኛ እየሞላሁ፣ እንዳለው አድርጌ ነገርኳት። ጠርሙሱን እንደያዘች ሰማችኝ። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ቶቧን ሰብስባ ቁጭ አለች። ከወባው ወዲህ ስትቀመጥ አይቻታለሁ፣ እንደዚያ ግን አልነበረም፤ እግሮቿን እንደ ልጅ ወደፊት ዘረጋቻቸው።

«ነግሮን ሄደ» አለች። «አላህ ይስጠው፣ ነግሮን ሄደ።»

የካላክላ ሃፍላ መጥቶ ረዳቱ ጠራን። እትዬ ዘምዘም አልተነሣችም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ውሃውን ተቀባብለን ጠጣነው፣ ሃፍላውም ጥሎን ሄደ።